ሦስቱንም ጊዜ ደህና

«የቤት ለቤት ጤና ጉብኝት በስልክ ክትትል መተካቱ የእናቶችንም ሆነ የሕፃናትን ደህንነት አይጎዳም። በመዝገባችን መሠረት ወደ ልጅዎ ቤት ሦስት ጊዜ ተደውሎ ሦስቱንም ጊዜ ደህና መሆናቸው ተረጋግጧል። ስለ አሳቢነትዎ እናመሰግናለን።»

ጥር 24

ለአጎቴ ልጅ፣ ለእህቴ፤

ከላይ ያለውን ቃል በቃል ነው የገለበጥኩልሽ፤ አንዲት ነጥብ አልጨመርኩበትም። የጻፈልኝ እናንተ ድምፅ ሰጥታችሁ ምክር ቤት የላካችሁት ተወካይ ነው። ንዴቴ ሰላምታዬን ቀድሞ ስለወጣ ይቅር በዪኝ። አሁን ሰላምታዬን ተቀበዪ፤ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ያሳደግሻቸው ልጆች ይጡሩሽ፣ ሥራሽን ለቀሙሽ ሰዎች ፈጣሪ ልብ ይስጣቸው። እሱ ካልሰጣቸው እኔ ደብዳቤ እጽፍላቸዋለሁ።

ለሰውዬው አራት ጥያቄ በተራ ቁጥር ለይቼ ጽፌለት ነበር። አንደኛ፣ የቤት ለቤት ጤና ሠራተኞች ሲሰናበቱ ማን ተማከረ? ሁለተኛ፣ ስልክ የሌላት እናት እንዴት ትቆጠራለች? ሦስተኛ፣ የሚደውለው ሰው የጤና ባለሙያ ነው ወይ? አራተኛ፣ የካቲት 30 በበጀቱ ላይ ድምፅ ሲሰጥ እርስዎ በግልዎ እጅዎን ለየትኛው ያወጣሉ? አራቱንም በአንድ «እናመሰግናለን» ጠረጋቸው። እንዲህ ያለ መልስ ጽፎ ያስረከበ ተማሪ ዜሮ ይሰጠው ነበር። ይህኛው ግን ደመወዝ ይሰጠዋል።

ስለዚህ ሁለተኛ ደብዳቤ ልጽፍ ነውና እርጂኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በር ስታንኳኪ የኖርሽ ሰው ነሽ። ስንት ቤት ነበረሽ? ቤት ገብተሽ የምታዪው፣ በስልክ ግን የማይታየው ምንድን ነው? «ብዙ» እና «በጣም» የሚሉ ቃላት አልፈልግም፤ ቁጥርና ምሳሌ ላኪልኝ። እንደ ልማዴ በእጄ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ ነው የምልክልሽ፤ አንቺም እንደዚሁ አድርጊ። በአፍ የተባለውን ነፋስ ይወስደዋል።

ስለ ራሴ ቤት አታስቢ። ባሏ ከባድ መኪና ይዞ ወር ሙሉ መንገድ ላይ ቢሆንም ልጄ ጎበዝ ናት። ለሕፃኗ የሚሆን ሚዛን ከዚህ ከሩቅ ሆኜ ልኬላታለሁ፤ በሥራ ቦታዬ በገዛ እጄ ፈትሼ፣ በማኅተሜ አሽጌ። ሌላው አያት አሻንጉሊት ይልካል ብለሽ ሳቂብኝ፤ ሚዛን ፈታሽ የሆነ አያት የሚልከው ይኸንኑ ነው። ልጄ በየሰኞው እየመዘነች ትጽፍልኛለች። ስትወለድ 3,100 ግራም፤ ከዚያ 3,300፤ 3,500፤ 3,700፤ 3,900፤ 4,100፤ ባለፈው ሰኞ 4,300። ይህንንም ለሰውዬው አሳየዋለሁ። ሚዛንና አያት ያላት ሕፃን እንዲህ ክትትል ይደረግላታል፤ የሌላትስ? ብዬ እጠይቀዋለሁ።

ወንድምሽ

ጥር 27

ለወንድሜ፣ ለግራሙ፤

የቤተሰብ ቅጽል ስም ደብዳቤ ላይ አይጻፍም ትላለህ፤ እኔ ግን ሥራ ፈት ነኝና የፈለግሁትን እጽፋለሁ። እንዴት ነህ? ወገብህስ? ሰላምታህ ደርሶኛል፤ ተመዝኖ፣ ታሽጎ። ዕድሜህን ያብዛልህ፣ ንዴትህን ይቀንስልህ።

ቁጥር ብለሃል፤ የልጃችንን ቤት ጨምሮ ሰባ አራት ቤት ነበረኝ። በመጨረሻው ቀን ከንብረት ክፍል አንድ ሰው መጥቶ ቦርሳዬን፣ መታወቂያዬንና መዝገቤን ቆጥሮ ተረከበኝ። ተንጠልጣይ ሚዛኔን ሳቀብለው ወረቀቱን ገለበጠ፣ መልሶ ገለበጠና «ዝርዝሩ ውስጥ የለም፣ እትዬ። ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ደግሞ የለም ማለት ነው» አለኝ። እኔም የለም ብዬ ይዤው ቤቴ ገባሁ።

በስልክ የማይታየው ምንድን ነው ብለሃል። የእኛ ሥራ ውኃ መጠጣት ነው። አትሳቅ። በር ላይ ቆመህ «ደህና ነሽ?» ብትላት «ደህና ነኝ» ትልሃለች፤ ቤቷ እየተቃጠለም ቢሆን ደህና ናት። «እስቲ ውኃ አጠጪኝ» ስትላት ግን በሩን መክፈት አለባት። ወደ ጓዳ ስትሄድ አረማመዷን ታያለህ። ሕፃኑን ይዛው ትሄዳለች ወይስ ያለበት ትተወዋለች? ብርጭቆው ታጥቧል? ስታቀብልህ እጇ ይንቀጠቀጣል? አንዴ ቤቷን እንደ መስታወት የምታበራ የልብስ ሰፊ ሚስት ውኃውን በፔርሙዝ ክዳን ሰጠችኝ። ምነው ብዬ ዘወር ብል፣ ያላት ብርጭቆ ሁሉ ሳይታጠብ ተከምሯል። ያን ቀን እዚያው ዋልኩ፤ ባሏን ከሥራው አስጠርቼ ሐኪም ጋ ወሰድናት። ዛሬ ልጇ ሁለተኛ ክፍል ነው። ይህን ለሰውዬው ጻፍለት። በስልክ ውኃ የጠጣ ሰው ካለም ያሳየን በለው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ልጃችን ሕፃኗን ስትመዝናት አይተሃል? በቪዲዮ ማለቴ ነው። ምንም አይደለም፤ እንዲሁ ነው የጠየቅሁህ። ነገ በዚያ ሰፈር የማልፍበት ጉዳይ አለኝ።

እህትህ

ጥር 28

ለእህቴ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። «እንዲሁ ነው የጠየቅሁህ» የሚባል ጥያቄ አላውቅም። አንቺ ምክንያት ሳይኖርሽ መንገድ እንኳ አታቋርጪም። አላየሁም። ቁጥሩን እንጂ ምስሉን ጠይቄ አላውቅም። ምን አየሽበት?

ዛሬ ደወልኩላት። «ደህና ነኝ አባዬ፣ ሰኞ እልክልሃለሁ» አለችኝ። የሕፃኗን ድምፅ አሰሚኝ ስላት «ተኝታለች። ጨዋ ናት እኮ፣ አታለቅስም» አለች። ደስ አለኝ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ያው ደስታ አላስቀምጥ አለኝ። እስካሁን ሦስት ጊዜ አሰሚኝ ብያታለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ተኝታ ነበር።

የምታልፊበት ጉዳይ ምን እንደሆነ ጻፊልኝ። ዛሬውኑ።

ወንድምሽ

ጥር 30

ለእህቴ፤

ከጠፋሽ ሁለት ቀንሽ። ስልክሽ ይጠራል፣ አይነሣም። የልጄም ይጠራል፣ አይነሣም።

ትናንት የአንድ ሱቅ ሚዛን ልፈትሽ ሄጄ ነበር። ባለሱቁ በየቀኑ ሚዛኑን የሚፈትሽበትን መዝገብ በኩራት ዘረጋልኝ፤ ሦስት ወር ሙሉ አንድ ዓይነት ቁጥር። እውነተኛ ሚዛን ይዋዥቃል፣ እህቴ። ሙቀት አለ፣ አቧራ አለ፣ የሰው እጅ አለ። እንዲህ የጠራ ቁጥር ስናይ የምናውቀው አንድ ነገር ነው፤ ማንም አልመዘነም። ሚዛኑን አሽጌ ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን እግሬ ቆመ።

3,300። 3,500። 3,700። ሁለት መቶ፣ ሁለት መቶ፣ ሁለት መቶ። ስድስት ጊዜ። ይህን ነጋዴ ቢያሳየኝ አምስት ደቂቃ አልታገሠውም ነበር። የገዛ ልጄ ስትልክልኝ ግን በቀይ እስክሪብቶ «እጅግ በጣም ጥሩ» ብዬ ጽፌበት መልሼ ላክሁላት።

አንቺ ወዲያው ነው ያየሽው፣ አይደል? ምን እንዳገኘሽ ንገሪኝ። የፈለገው ይሁን። ቢሮዬ ውስጥ ተቀምጬ የነሐስ መመዘኛዎቼን ከሳጥናቸው አወጣለሁ፣ መልሼ እከታለሁ። የአምስት ግራሟ ከእጄ ወድቃ ጠፍታለች። አልፈለግኋትም።

ወንድምሽ

የካቲት 1

ለወንድሜ፤

መጀመሪያ የሚያስፈልግህን፤ ሁለቱም በሕይወት አሉ። አሁን ቁጭ በልና ቀሪውን አንብብ።

ሠንጠረዥህን እንዳየሁ ነገሩ አላማረኝም። ሁለት መቶ ሁለት መቶውን አልቆጠርኩም፤ ያ የአንተ ሙያ ነው። እኔ ያየሁት የመጀመሪያውን ሳምንት ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደቱ ይቀንሳል፤ የሚጨምረው ከዚያ በኋላ ነው። የድኻም ልጅ ይቀንሳል፣ የሀብታምም ልጅ ይቀንሳል። የልጅ ልጅህ ግን ወረቀት ላይ አልቀነሰችም።

አንኳኳሁ። «ማነው?»

«አክስትሽ ነኝ።»

«ደህና ነኝ አክስቴ፤ ሌላ ቀን ነይ፣ ቤቱ አልተጠረገም።»

«መጥረጊያሽን ልይ ብዬ አልመጣሁም። ጥም ሊገድለኝ ነው፣ ውኃ አጠጪኝ።»

ደጅ ቆሜ እስከ ሃያ ቆጠርኩ። «ውኃ እኮ የለም፣ አክስቴ» አለችኝ። የቧንቧው ጠብታ ከውስጥ ይሰማኛል። ወንድሜ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ውኃ የከለከለችኝ ሴት አልነበረችም። መታወቂያ የለኝም፤ መግባት አልተፈቀደልኝም። በሩን በትከሻዬ ገፋሁት፤ መቀርቀሪያው ልል ነበር።

መጋረጃው ተዘግቷል። ልጃችን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ጫማዋን አድርጋ፣ ቦርሳዋን አንግታ፣ እንደ መንገደኛ። «የት ልትሄጂ ነው?» አልኳት። «እንጃ» አለች። «ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የተቀመጥሽው?» «እንጃ።» ሕፃኗ ትራስ ላይ ናት። ዓይኗን ከፍታ ታየኛለች፤ አታለቅስም። ማልቀስም እኮ ጉልበት ይፈልጋል።

የላክኸው ሚዛን ጠረጴዛ ሥር ነው። ካርቶኑ አልተከፈተም፤ ማኅተምህ አልተቆረጠም። «የለም» የተባለችውን ሚዛኔን አውጥቼ ሕፃኗን በጨርቅ አንጠለጠልኳት። 2,900። ከተወለደችበት ቀን ያነሰ። ታክሲ አስቁሜ ሁለቱንም ሆስፒታል አስገባኋቸው። ስልክህን ያላነሣሁት ለዚህ ነው፤ ሕፃኗ ትተርፍ አትተርፍ ሳላውቅ ምን ብዬ ላንሣው?

ከጤና ቢሮ ሲደውሉልሽ ምን አልሻቸው? ብዬ ጠየቅኋት። «ትጠባለች ወይ አሉኝ፤ አዎ አልኩ። ትተኛለች ወይ አሉኝ፤ አዎ አልኩ። ታለቅሳለች ወይ አሉኝ፤ አታለቅስም አልኩ» አለችኝ። አልዋሸችም። ሕፃኗ ጥቂት ትስብና ድካም ይጥላታል፤ እናትየው ደግሞ ጠግባ የተኛች መስሏታል። ሦስት እውነት ተናገረች፤ እነሱም «ደህና» ብለው ጻፉ።

«ለአባትሽስ ቁጥሩን ለምን ፈጠርሽለት?» ስላት እንዲህ አለችኝ። «ላነሣት እፈራ ነበር። እጄ ላይ የምትሞት ይመስለኝ ነበር። አባዬ ደግሞ ባዶ መስመር አይወድም።» ስምንት ዓመቷ ሳለ የዝናቡን ውኃ በቆርቆሮ እየለካች በየቀኑ እንድትጽፍ አድርገሃት ነበር አሉ። አንድ ቀን ብትዘል ሳምንት ሙሉ አኮረፍካት። ከዚያ ወዲህ ያልለካችውን ከልቧ እየፈጠረች ትሞላልህ ነበር።

የእኔንም ልንገርህ። ከወለደች በኋላ ሁለት ጊዜ ሄጄ «ተኝተናል» ብላ ከደጅ መልሳኛለች። ሥራ ፈት ዘመድ አስቸገረ እንዳልባል ተመለስኩ። መታወቂያዬ ደረቴ ላይ ቢሆን ኖሮ አልመለስም ነበር።

አትደውልላት። የያዛት ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የመንፈስ ጭንቀት ሕመም ነው፣ ይታከማል ብሎ ሐኪሙ ነግሮኛል። እኔ እጽፍልሃለሁ። ቁጥር ግን አትጠይቀኝ።

እህትህ

የካቲት 3

ለእህቴ፤

እጅሽን እስማለሁ፤ ከዚህ ሌላ ሰላምታ ከየትም አላመጣም።

አልደወልኩም። ቁጥርም አልጠይቅሽም። አለች ወይስ የለችም የሚለውን ብቻ ጻፊልኝ፤ አንድ ቃል ይበቃኛል። የዝናቡ ደብተር እኔ ጋ ነው። አገር አቋርጬ ይዤው መጥቼ፣ ቤቴ ለገባ እንግዳ ሁሉ «ልጄ በስምንት ዓመቷ» እያልኩ አሳይቻለሁ። ዛሬ አውጥቼ አነበብኩት። አንድም ባዶ ቀን የለውም።

ለሰውዬው የጀመርኩትን ደብዳቤ ቀደድኩት። እሱ ሦስት ጊዜ ከሩቅ ጠይቆ አመነ፤ እኔ ስድስት ጊዜ። በየትኛው አፌ ነው የምወቅሰው?

የአውሮፕላን ቦታ ያገኘሁት ለየካቲት 19 ነው። ልምጣ ወይስ አልምጣ? የሚሻላትን አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ ምንም አላውቅም።

ወንድምሽ

የካቲት 11

ለወንድሜ፤

ስምንት ቀን በፍርሃት እንዳቆየሁህ አውቃለሁ። ሁለት ጊዜ ልጽፍልህ ጀምሬ፣ ሁለቱንም ጊዜ ነርሷ እየሮጠች መጥታ አስነሣችኝ። ደግ ወሬ ሳልይዝ መጻፍ አልሆነልኝም።

ዛሬ ጠዋት አለቀሰች። እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም፤ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሕፃናት በሙሉ ነቅተው አጀቧት። የጎን አልጋዋ እናት «ኧረ ይቺን ልጅ አንድ በሏት፣ የማን ቁጡ ናት?» ስትል ልጅህ «የአያቷ» አለች። ከመጣን የመጀመሪያዋ ቀልድ ናት። ሐኪሙ ግን ገና «ደህና» አላለም፤ «እንግዲህ እናያለን» ነው የሚለው። ናልን። ልጅህም ፈቅዳለች፤ «አባዬ ይምጣ፣ ግን ደብተር ይዞ አይምጣ» ነው ያለችው።

ቁጥር አትጠይቀኝ ብዬህ ነበር፤ ራሷ ጻፈችልህ። «2,900። 2,870። 2,940። 2,930። አልመዘንኳትም፣ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። 3,010።»

ሆስፒታሉ ሲቀበለን እንዴት እንዳገኘኋቸው ተናግሬ ነበርና ከጤና ቢሮ ወረቀት ደርሶኛል። «ያለ መታወቂያ በር ገፍተው የግለሰብ መኖሪያ ቤት በመግባትዎ» ይልና ቀርቤ እንዳስረዳ ይጠራኛል። ጥፋተኛ ከተባልኩ የሥራ መደቡ ቢመለስም እኔ አልመለስም። ስለዚህ ለሰውዬው ስትጽፍ የእኔን ነገር ተወው ልልህ ነበር። ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽህም።

አሁን የምፈራው ሌላ ነው። የአንተን ልጅ ያገኘኋት ሠንጠረዥ ስለላክህልኝ ነው። የሰባ ሦስቱን ቤት ሠንጠረዥ ማን ይልክልኛል? በዚህ ሳምንት ከሆስፒታሉ እየወጣሁ አሥራ አንድ ብርጭቆ ውኃ ጠጥቻለሁ። ሆዴ በርሜል ሆኗል። አሥሩ ሴቶች ይስቁብኛል፤ «መታወቂያሽን ቢወስዱብሽ ጥምሽን አልወሰዱብሽም» ይሉኛል። አሥራ አንደኛዋ በመስኮት ነው ያቀበለችኝ። አሥራ ሁለተኛዋ አልከፈተችልኝም። «ደህና ነኝ» አለችኝ፣ ከውስጥ። የሕፃን ድምፅ አልሰማሁም። ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ።

የእኔን ሁሉንም ጻፈው። ልጅህም ይጻፍ ብላለች፤ አባዬ የራሱንም ጥፋት ይጻፍ ብላለች።

እህትህ

የካቲት 13

ለእህቴ፤

እግርሽን ያበርታው። አሥራ ሁለተኛዋ ከፈተችልሽ? ከሁሉ በፊት ይህን ንገሪኝ። የካቲት 19 እመጣለሁ። ስመጣ ልጄን «ደህና ነሽ?» አልላትም፤ ውኃ አጠጪኝ ነው የምላት።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን አንብቢላት። ያልወደደችው መስመር ካለ ይሰረዝ፤ ቦታው ባዶ ይቅር።

ወንድምሽ

ለተከበሩ የሕዝብ ተወካይ፤

«ሦስት ጊዜ ተደውሎ ሦስቱንም ጊዜ ደህና መሆናቸው ተረጋግጧል» ብለው ጽፈውልኛል። ያን በጻፉልኝ ሳምንት የልጅ ልጄ ክብደት ከተወለደችበት ቀን ያነሰ ነበር። የሆስፒታሉን ወረቀት አያይዣለሁ።

ደዋይዎን አልከስም። ጠየቀ፣ መልስ አገኘ፣ ጻፈ። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ሙያዬ ሚዛን መፈተሽ ነው፤ ልጄ ግን እኔን ፈርታ የፈጠረችውን ቁጥር ስድስት ሳምንት ተቀብዬ አመስግኛታለሁ። ጥፋቴን በጽሑፍ አምናለሁ። እርስዎም የእርስዎን በጽሑፍ ይመኑ።

ሁለታችንም ያላየነውን ያየችው የቤት ለቤት ጤና ሠራተኛ ናት። ያየችውም ሙያዋ ስለሆነ ነው፤ ዘመድነቷማ ሁለት ጊዜ ከደጅ መልሷታል። ይህችን ሴት መታወቂያዋን ቀምታችሁ አሁን ደግሞ ያለ መታወቂያ ገባች ብላችሁ ትጠሯታላችሁ። ልጄ «አክስቴ በሬን ገፍታ ስለገባች በሕይወት አለን» ስትል የፈረመችው ወረቀት አብሮ ይገኛል።

የምጠይቅዎ ሦስት ነገር ነው። የካቲት 30 የቤት ለቤት ጤና ሠራተኞች ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ እጅዎን ያወጣሉ ወይስ አያወጡም? በዚህች ሴት ላይ የወጣው መጥሪያ እንዲነሣ ቢሮውን ይጠይቃሉ ወይስ አይጠይቁም? በእርሷ ቀጠና ሌላ ሰባ ሦስት ቤት አለ፤ እርሷ ከተሰናበተች ወዲህ ወደ እያንዳንዱ ቤት ማን፣ በየትኛው ቀን ገባ? ሰባ ሦስት መስመር ያለው ወረቀት አዘጋጅቼልዎታለሁ። ያልተገባበትን ቤት «ደህና» ብለው አይሙሉት፤ ባዶ ይተዉት። ባዶ መስመር ማንበብ ዘግይቼም ቢሆን ተምሬያለሁ። የመጀመሪያው መስመር ላይ በሯን ያልከፈተች ሴት አለች። ከእርሱ ይጀምሩ፤ ዛሬውኑ።

መልስዎን በጽሑፍ፣ በፊርማዎ፣ እስከ የካቲት 25 ቀን ድረስ እጠብቃለሁ።

እባክዎ፣ አይደውሉልኝ።